የኤዶ ሳህራ እርሾ

ጅግጅጋ ወተት ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ነጭ ጋውን ሁለት እኔን ይይዝ ነበር። ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት፤ ስለ ላም ወተት እንጂ ስለ ግመል ወተት የማውቀው ነገር አልነበረም። ኃላፊያችን አቶ ሙክታር ጠረጴዛዬን፣ ማቀዝቀዣውንና የወተት ኮምጣጣነት የሚነግረውን የፒኤች መለኪያ አሳዩኝና፣ "ቀሪውን ኤዶ ሳህራ ታስተምርሻለች" አሉኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ ከፍ ያለች ሴት በአክብሮት ትጠራበታለች።

ኤዶ ሳህራ ከሀርሺን በጠዋት መኪና የሚመጣላትን የግመል ወተት አኮምጥጣ ገበያ ትሸጥ ነበር። የምታኮመጥጥበት ዕቃ ከዛፍ ሥራሥር የተጎነጎነ፣ በጭስ የታጠነ፣ ሶማሌዎች ዲል የሚሉት ነው። በመጀመሪያው ቀን ናሙና ልወስድ ሄጄ አንቱ ብላት፣ "እኔ ብዙ ነኝ እንዴ?" ብላ አስተወችኝ። ከዚያ በኩባያ ቀዳችልኝ።

"መጀመሪያ ጠጪ፤ ከዚያ ትመረምሪዋለሽ።"

ፊቴን ሳጨማድድ አይታ ከልቧ ሳቀች። በሳምንቱ ራሴ ሄጄ ቅጂልኝ አልኳት።

ናሙናዋን፣ ማለትም ወተቱን የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች፣ ተንከባክቤ ያዝኳት። ፔፕቶን፣ ማለትም አስቀድሞ የተቆራረጠ ፕሮቲን ባለበት ሾርባ ውስጥ አሳድጌ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ ቱቦ አዛውራት ነበር። ሾርባው በአንድ ቀን ደፍርሶ ሳየው ደስ ይለኛል። ምግብ ሳይጓደልባት ወራት አለፉ።

ከዚያ የወተት ሻጮችን ዕቃ የምንመረምርበት ሳምንት መጣ። እኔ ደግሞ ከንጽህና ጋር የተለየ ፍቅር አለኝ፤ እናቴ "ይቺ ሳሙና ነው የምታገባው" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። የኤዶ ሳህራ ዲል ለምርመራ ሲመጣ፣ ውለታ ልዋልላት ብዬ በፈላ ውሃና በሳሙና ፈተግኩት፣ በክሎሪን አለቀለቅኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ማንም አላዘዘኝም።

ልትወስደው ስትመጣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ዕቃውን ታቅፋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ ምን አደረግሽ?"

"አጠብኩልሽ።"

"ሱብሃነላህ! በሳሙና? እኛ እኮ አለቅልቀን እናጥነዋለን እንጂ በሳሙና አናጥበውም። ጎኑ ላይ የሚቀረው ነው የነገውን ወተት የሚያኮመጥጠው። ሳገባ እናቴ ናት እርሾዋን ውስጡ አድርጋ የሰጠችኝ። አሁን ልጄ ሆዳን ከኢድ በኋላ አግብታ ሽንሌ ትሄዳለች። ለልጄ ምን ልስጣት?"

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እያለቀስኩ፣ "አይዞሽ ኤዶ፣ ናሙናዋ እኔ ጋ አለች" አልኳት። ባለችበት ሆና ጉንጬን በመዳፏ ጠረገችልኝ።

በዚያው ቀን የግመል ወተት አፍልቼ አበረድኩና ከሾርባው ጨመርኩበት። በማግስቱ ወተቱ እንዳለ ነበር። የፒኤች መለኪያው ከትናንቱ እምብዛም ፈቀቅ አላለም። መድገሜም ለውጥ አላመጣም።

አቶ ሙክታር ቱቦዎቼን አገላብጠው አዩና፣ "አቀማጥለሽ አበላሸሻቸው" አሉኝ።

"ምን አጓደልኩባቸው?"

"ምንም። ችግሩም እሱ ነው። ወተት ውስጥ የተዘጋጀ የፕሮቲን ቁራጭ፣ አሚኖ አሲድ፣ ጥቂት ነው። ያለው ኬዝን የሚባል ረጅም ፕሮቲን ነው፤ ባክቴሪያዋ ኢንዛይም በሚባል በራሷ መቀስ ቆራርጣ ነው የምትበላው። አንቺ ግን ተቆርጦ የተዘጋጀ አቀረብሽላት። አሚኖ አሲድ ሲበዛላት መቀስ መሥራቱን ትቀንሳለች። ይህ እንኳ ወተት ስትገባ ይመለሳል። ለወራት ስትቀልቢ ግን መቀሱን ጭራሽ የጣሉት በዙብሽ።"

"እና ጠፍታለች?"

"መቀሷን ያልጣለች አንዳንድ ትኖራለች። ለይተሽ ፈልጊያት። አንድ ላይ ካደረግሻቸው ሰነፎቹ የእሷን ፍርፋሪ እየለቀሙ ይኖራሉ።"

ሾርባውን ደጋግሜ አቀጠንኩት፤ በአንድ ቱቦ ቢበዛ አንዲት ባክቴሪያ ብቻ እስክትደርስ ድረስ። ፈልቶ የበረደ የግመል ወተት በያዙ ስልሳ ቱቦዎች አከፋፈልኩትና ሙቀቱ በተስተካከለ ሣጥን ውስጥ ደረደርኳቸው። ለሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ነበር። ኤዶ ሳህራ በየጠዋቱ ከገበያ በፊት ብቅ እያለች፣ "ነቃች?" ትለኛለች። እኔም ገና እንደሆነች እነግራታለሁ።

በአራተኛው ቀን ሦስት ቱቦዎች ኮመጠጡ። የቀሩት ሃምሳ ሰባቱ እንዳሉ ነበሩ። ሦስቱን አንድ ላይ አደረግኩና ከዚያ በኋላ ከወተት በቀር ምንም አላቀመስኳቸውም፤ በየቀኑ ወደ አዲስ ወተት አዛወርኳቸው። በየቀኑ ይፈጥኑ ጀመር።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀር በኩባያ ቀድቼ ለኤዶ ሳህራ ሰጠኋት። ናሙናዋ መጀመሪያ የብዙ ዓይነት ባክቴሪያ መኖሪያ እንደነበረችና እኔ ያዳንኩት የተወሰኑትን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጊዜ ተጎነጨች፤ አፏ ውስጥ ብዙ አቆየችው።

"እናቴ ናት" አለች። "ወላሂ እናቴ ናት። ትንሽ ታማ ነበር እንጂ።"

ለሆዳን አዲስ ዲል አጥና ግማሹን ቀዳችላት። ግማሹን ወደ አሮጌው መለሰች። ኩባያው ውስጥ የቀረችውን ጠብታ ደግሞ ለእኔ ሰጠችኝ። "አንቺም ልጇ ነሽ፤ በሾርባ አታሳድጊያት" አለችኝ።

ዛሬ ለአዲስ ሠራተኞች ሁለት ነገር እነግራለሁ። ወተት የሚያኮመጥጥ እርሾ በወተት ነው የሚያድገው። የሰው ዕቃም ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይታጠብም።