ግራፊክስ ካርዱን የገጠምን ሰሞን

ባለቤቴ አገር ቤት እያለ ደሴ ውስጥ የሕንጻ ፕላን ይነድፍ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ባልገባበት ዘመን በእርሳስና በማስመሪያ ያወጣውን መስመር አለቆቹ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ያሳዩለት ነበር። ይህን የነገረኝ ወንድሙ ነው፤ እሱ ስለ ራሱ አያወራም። ሆላንድ ከገባን በኋላ ዲፕሎማው ለምንም አልሆነው። ሮተርዳም ወደብ አጠገብ ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳና ሲደረድር አሥራ አራት ዓመት አለፈው። እኔ ዴን ሃግ ውስጥ ቱስዞርግ፣ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ነኝ፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። የምንኖረው ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ሮተርዳም ውስጥ ቤት የሚያድስ ያገራችን ሰው አጠገባችን ተቀመጠ። ወሬ ወሬን አንስቶ ባለቤቴ ድሮ ምን ይሠራ እንደነበር ተነሳ። ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ፕላን የሚስልልኝ ሰው አጥቼ ነው የምንከራተተው። አሁን ደንበኛው ቤቱን በኮምፒውተር እያዟዟረ ካላየ አይፈርምም። እሱን ከቻልክ ይዘህልኝ ና።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥ ጀመር። ኮምፒውተሩ አንድ መሥሪያ ቤት የጣለው፣ በርካሽ የገዛነው ቀጭን ሳጥን ነው። ፕሮግራሙን ከቪዲዮ እያየ ለብቻው ተማረ። ግድግዳና መስኮት ድረስ ይሄድለታል፤ ጣሪያውን ጨምሮ ቤቱን ላዙረው ሲል ግን ስክሪኑ ይደርቃል። አጥፍቶ ያበራል፣ እንደገና ይደርቃል።

ልጃችን ተማሪ ናት፤ ዲመን ውስጥ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ስትመጣ አይታው ሳቀች።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ቪዲዮካርት የለህም!»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ግራፊክስ ካርድ። ሥዕሉን የሚሠራልህ እሱ ነው። ያንተ ሳጥን ግን ቀጭን ነው፣ ፓወሩም ደካማ ነው፤ ትልቁን አይችልም። ትንሽዬው ነው የሚሆንህ፣ ሌላ ገመድ ሳይፈልግ መብራቱን ከማዘርቦርዱ የሚወስደው።»

እዚያው በስልኳ ፈልጋ አንድ ያገለገለ አገኘች። ሻጩ ሮተርዳም የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ሆላንዳዊ ነበሩ። እኔና ባለቤቴ በባቡር ሄድን። ሰውየው ካርዱን በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሰክተው እየሠራ አሳዩን፤ ለቀጭን ሳጥን የሚሆነውን አጭር ማሰሪያ ብረት ከመሳቢያ አውጥተው በረጅሙ ፋንታ አሰሩልን። «ካልሠራላችሁ መልሱልኝ» አሉ። ባለቤቴ ካርዱን ጃኬቱ ውስጥ ከቶ፣ ዴን ሃግ እስክንደርስ እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ተቀመጠ። ሰው ሲያየው ልቡን የሚያመው ነበር የሚመስለው።

እሑድ ጠዋት ሳጥኑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አጋደምነው። ገመዱን ነቀለ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ። ካርዱን ቦታው ላይ ሲጫነው ቀጭ ብሎ ገባ። የቀረው አንዲት ብሎን ብቻ ናት፤ ብረቱን ከሳጥኑ ጋር የምትይዘው። አነሳትና ወደቀችበት። ሳጥኑን ዘቅዝቀን አወጣናት። ደግሞ ወደቀች።

«ብርሃኑን ከለከልሽኝ» አለኝ።

ከመስኮቱ ራቅ አልኩለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሳት አውራ ጣቱ ሌባ ጣቱን መንካት እንዳቃተው አየሁ። በሁለቱ መሀል ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። የእኔ ሥራ የሰው ገላ ነው፤ የታመመ እጅ ሳይ አውቃለሁ።

«ይሄ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ካርቶን ነው፤ የሥራ ድካም።»

«ቀኝህ ብቻ?»

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ከረመዳን በፊት ነው የጀመረኝ» አለ ቆይቶ። «ቁልፍ መቆለፍም እያቃተኝ ነው።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»

«አንቺ ወዲያው ሐኪም ቤት ትያለሽ። እኔ ይሄን ሥራ ልጀምር ነው።»

ካቻቢቴውን ወደ እኔ ገፋው። ብሎኗን እኔ አሰርኳት። ኮምፒውተሩን ስናበራው ስክሪኑ ጨለማ ሆነ፤ ለካ የስክሪኑን ገመድ የድሮው ቀዳዳ ላይ ሰክተነው ኖሯል። ወደ ካርዱ ስናዞረው ሥዕሉ መጣ። ባለቤቴ የሳለውን ቤት ከፍቶ አዞረው። አልደረቀም። በጓሮ በኩል፣ ከላይ፣ በበሩ ገብቶ ከውስጥ አሳየኝ፤ እንደዚያን ቀን ሲስቅ ብዙ ጊዜ አላየሁትም። «እይ፣ እይ እንጂ!» ይለኛል። እኔ የማየው ማውሱን የያዘበትን እጅ ነበር።

የሰፈራችን ሁይሳርት፣ የቤተሰብ ሐኪማችን፣ ክንዱን ነካክታ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ላከችው። እዚያ ጡንቻው ላይ መርፌ እየወጉ መረመሩት፤ ደግመው ጠሩት። ውጤቱን ልንሰማ በሄድን ቀን ልጃችን ልታስተረጉም አብራን ገባች። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ወንበሩን ወደ እኛ አስጠግቶ በዝግታ ተናገረ። የበሽታውን ስም ነገረን፤ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም አለ። ልጃችን እስከዚህ ተረጎመች። ከዚያ ዶክተሩ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ሲናገር የመጨረሻዎቹን ቃላት በሆላንድኛ ብቻ ደጋገመች።

አባቷ ጉልበቷን ነካ አደረጋት። «ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ልጄ። አትድከሚ።»

ስንወጣ ትራም ማቆሚያው ላይ ሦስታችንም ቆመን ሁለት ትራም አለፈን።

ባለቤቴ ለሮተርዳሙ ሰው እውነቱን ደውሎ ነገረው። ሰውየው «እስከቻልክ ድረስ እሰጥሃለሁ» አለው። ቃሉንም ጠበቀ። ባለቤቴ የመጋዘኑን ሥራ በሕመም ምክንያት አቁሞ ሦስት ቤት ሳለለት፤ ሁለቱ ጣሪያ ላይ ክፍል የሚጨመርባቸው፣ አንዱ የኋላ ግድግዳው ፈርሶ የሚሰፋ። የመጀመሪያውን በቀኙ ሠራው። ሁለተኛውን በግራው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሁለቱም እምቢ አሉት፤ ማውሱን እኔ ያዝኩለት። እሱ አጠገቤ ሆኖ ያዛል፤ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ጨምሪ፣ እዚያ ላይ ተጫኚ» ይላል። አንድ ቀን በሩን በተቃራኒው የሚከፈት አድርጌ ሳልኩት።

«ሰው እንዴት አድርጎ ነው በዚህ የሚገባው?» ብሎ ጮኸብኝ። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ጮኾብኝ አያውቅም። ተነስቼ ማድ ቤት ገባሁ። ስመለስ ፊቱ በእንባ ርሷል፤ መጥረግ አልቻለም። ጠረግኩለትና በሩን አስተካከልን።

ዊልቸር ሲታዘዝለት ችግሩ መታጠቢያ ቤቱ ሆነ፤ እንዲሰፋልን ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከትን። «ራሴ አሳያቸዋለሁ» አለ። ቤታችንን በሙሉ በሜትር እየለካሁ እነግረዋለሁ፤ እሱ ያዘኛል፣ እኔ እስላለሁ። አራት ቀን ፈጀብን። ዊልቸሩ የት ላይ እንደሚጋጭ፣ የትኛው ግድግዳ ቢገፋ እንደሚዞር አሳይቶ ጨረሰ። ጥያቄያችንን የያዘችው የማዘጋጃ ቤቱ ሴት ሜትሯን ይዛ መጣች። ስክሪኑን አየች፣ ገብታ ለካች፣ ተመልሳ ቆመች።

«በሴንቲሜትር እንኳ አልተሳሳቱም» አለችው። «ይህን የሳለው ማነው?»

«እኔና ባለቤቴ» አላት። ምላሱ ያኔ መተሳሰር ጀምሮ ስለነበር ደግሜ ነገርኳት።

ግን ያ ግድግዳ ከላይ ያለውን ፎቅ የተሸከመ ነው። አይነካም። ያለው መፍትሔ ምድር ቤት መዛወር ብቻ መሆኑን ነግራን፣ አስቸኳይ ተብሎ እንዲመዘገብልን አደረገች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ባለቤቴ ግድግዳው ተሸካሚ መሆኑን ከመጀመሪያውም ያውቅ እንደነበር ያመነልኝ ከሄደች በኋላ ነው።

«እያወቅህ ለምን አራት ቀን ለፋን?»

«አብረን እንድንስል» አለኝ።

የሆላንዱን ክረምት ሙሉ ደረጃውን አልወረደም። ለሆስፒታል ሁለት ጊዜ ተሸክመው አወረዱት፣ ተሸክመው አወጡት፤ ከዚያ በኋላ «ይበቃኛል» አለ። ጁምዓም ቀረበት። ልጃችን ዲመን ያለውን ክፍሏን ለቃ መጣች፤ ትምህርቷንም ለጊዜው አቋረጠች። መናገር ሲያቅተው በዓይኑ ፊደል እየመረጠ ቃል እንዲሠራ ሆስፒታሉ መሣሪያ አመጣለት፤ እሱ ግን ብዙም አልወደደውም። አንድ ጊዜ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ለፍቶ ለልጃችን «ትምህርትሽ» ብሎ ጻፈላት። ሌላ አልጨመረም።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ጠዋት፣ እኔ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ እየጠረግኩት ሳለ ትንፋሹ ቆመ። ለሌላ ሰው ለዓመታት የሠራሁትን ለእሱም ሠራሁ፤ ገላውን እኔና ወንድሙ አጠብነው፤ ሸሪዓው ለሚስት ይፈቅዳል። የሮተርዳሙ ሰው ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ይዞ ለቀብር መጣ።

ቀብሩ ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ስልክ ተደወለልኝ። ያቺው ሜትር ይዛ የመጣችው ሴት ናት። ድምጿ ላይ ደስታ ይሰማል።

«ምድር ቤት ተገኘላችሁ፤ በሩም ሰፊ ነው። ባለቤትዎ መቼ መጥተው ማየት ይችላሉ?»

ነገርኳት። ከዚያ በጣም አዝና፣ ቤቱን እኔ ለብቻዬ እፈልገው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«የለም፣ ለሚያስፈልገው ሰው ስጡት» አልኳት።

ልጃችን መስከረም ላይ ትምህርቷን ቀጠለች። እኔ አሁንም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ከሥራ ስመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብዬ እተነፍሳለሁ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።