በቀኝ በኩል ቋ ይላል

አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ዛሬም «ሚጣ» ናት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ገና በዳዴ ስትሄድ። ደንበኞች «ሚጣ!» ሲባል ሰምተው ሕፃን ልጅ ትመጣለች ብለው ሲጠብቁ፣ ቱታ የለበሰች ትከሻ ሰፊ ሴት ከመኪና ሥር ብቅ ስትል ይደነግጣሉ።

ሚጣ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ወርክሾፕ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የአውቶቡሶቹ የፊት እግር ብቻ ነበር፤ ሞላ፣ ክንድ፣ መሪ። ድርጅቱ ሲዘጋ ወንድሟ አባታቸው የተዉለትን ጋራዥ በር ከፈተላት። በሩን ከፈተላት እንጂ ሥራውን አልለቀቀላትም። የፍሬን ሸራ ቀይሪ፣ ዕቃ እጠቢ፣ ጎማ ንፊ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። «እግር ሥራ የኔ ነው» ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሞተር ላይ እጁ የተባረከ ነው፤ ኮፈን ከፍቶ ጆሮውን ዘንበል ሲያደርግ ሞተሩ ራሱ የሚናዘዝለት ይመስላል። ግን አንዴ ከተናገረ ቃሉን ማጠፍ ሞቱ ነው፤ በተለይ ሰው ፊት።

ያን ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጋሽ ቀስታ መጡ። ተማሪ አመላላሽ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ባለፋት መኪናቸው ሰባት ሕፃናት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይመልሳሉ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው። ኤሊ እንኳ ከኋላቸው ሆና ጥሩምባ ትነፋባቸዋለች ይባላል።

«አሁንም አልተወኝም» አሉ ለወንድምየው። «በቀኝ በኩል ቋ ይላል። መሪ ስጠመዝዝ ደግሞ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይልብኛል።»

ባለፈው ሳምንት ንዝረት የሚያበርዱትን ሁለቱንም የፊት ሾኮች የቀየረላቸው እሱ ነው። ፊቱ ቅጭም አለ። ክሪኩን ከመኪናዋ ወገብ ሥር አስገብቶ ቀኝ ጎኗን አነሣና፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። ንቅንቅ የለም።

«ይኸው። አዲስ ሾክ እስኪላመድ ነው። በሰላም ይሂዱ» አለ።

ሚጣ ጥግ ላይ ብሎን እያጠበች ነበር። መኪናዋ ወደ በሩ ስታዘግም፣ የፊት ጎማዋ የውሃ መውረጃውን ቦይ ሲረግጥ ድምፁን ሰማችው። ቋ። ይህን ድምፅ ከሌላው ትለየዋለች። ወርክሾፑ ሳለች አንድ አውቶቡስ ይህንኑ ድምፅ አሰምቶ፣ ከግቢ ሳይወጣ የፊት ጎማው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አይታለች። ያኔ ሰዎቹ የዳኑት አውቶቡሱ እየተንፏቀቀ ስለነበር ብቻ ነው።

ብሎኑን ጥላ ሮጠች፤ መኪናዋ ፊት ቆመች።

«ጋሽ ቀስታ፣ ሞተሩን ያጥፉልኝ።»

«ምነው ልጄ? ልጆቹ ይጠብቁኛል እኮ።»

«አንዴ ብቻ። መሪውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ቀስ እያሉ ያዙሩት።»

ተንበርክካ እጇን ከቀኙ ጎማ ጀርባ አስገባች፤ ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን ቦል ጆይንት በጣቶቿ ጨበጠች። መሪው ሲዞር የሆነ ነገር ጣቶቿ ሥር ድንገት ዘለለ። ተነሥታ በመስኮቱ እጇን ሰደደች፤ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

«ሚጣ!» ወንድሟ ከኋላዋ ደርሷል። «ቁልፉን ስጪያቸው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ቦል ጆይንቱ አልቋል።»

«አንስቼ አይቼው የለም እንዴ? ሰማሽ፣ አይነቃነቅም!»

«ከወገቧ ሥር ነው ያነሣሃት። የዚህች መኪና ሞላ የሚቀመጠው ታችኛው ክንድ ላይ ነው። ወገቧን ስታነሣ ሞላው ክንዱን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ቦል ጆይንቱ ይወጠራል። ተበልቶ ቢያልቅም አይነቃነቅም። መነሣት ያለባት ከክንዱ ሥር ነው።»

የአንገቱ ሥር ተገተረ። «አባባ እንዲህ ነው ያስተማረኝ።»

«አባባ ያስተማረህ በሌላ ዓይነት መኪና ነው።»

ማንም እንዲህ መልሶለት አያውቅም። ጋሽ ቀስታ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያሉ፤ ሰዓታቸውንም ያያሉ። ዘጠኝ ሊሞላ ነው። «እናንተ ቤታችሁ ተጣሉ» አሉ በመጨረሻ፣ ከመኪናዋ ወርደው። «የሰው ልጆች በር ላይ ልተዋቸው ነው? ቁልፌን!»

ሚጣ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ጨበጠችው። ብሳሳትስ? መኪናዋ እንዳታጋድል የሚይዛት የሚዛን ብረት ማሰሪያው ቢላላም ቋ ይላል፤ እሱ ደግሞ ሰው አይገድልም። ከተሳሳተች ነገ እዚህ ግቢ የሚያስገባት የለም።

«አምስት ደቂቃ ይስጡኝ» አለች። «ካልተነቃነቀ ቁልፉን እሰጥዎታለሁ፤ ቱታዬንም አውልቄ እሄዳለሁ።»

መልስ አልጠበቀችም። ክሪኩን ጎትታ ከታችኛው ክንድ ሥር፣ ጎማው አጠገብ አስገባችው። ጎማው ከመሬት ጣት ያህል ሲነሣ አቆመች። ረጅም ብረት ከጎማው ሥር ሰደደችና ወንድሟን «ቦል ጆይንቱን እይልኝ» አለችው።

ወደ ላይ ፈነቀለች። ምንም የለም።

ወንድሟ በአፍንጫው ተነፈሰ። ጋሽ ቀስታ እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ። ሚጣ ቀና ሳትል ብረቱን አወጣች፤ ጫፉ አዳልጦ ወደ ጎን ሄዶ ኖሯል። ጎማው መሐል ላይ አስተካክላ በሁለት እጇ ያዘችና በሙሉ ጉልበቷ ፈነቀለች።

ቋ።

ክንዱ ባለበት ቀርቶ ጎማው ብቻውን ዘለለ። ለቀቀችው፤ ወረደ። ደገመችው፤ ዘለለ።

ወንድሟ በጉልበቱ ወርዶ የገዛ ጣቱን መገጣጠሚያው ላይ አደረገ። «እስኪ ድገሚው» አለ፣ ዝግ ብሎ። ደገመችው። ጣቱን አነሣ። የብሎን መፍቻ ያመጣው ራሱ ነው፣ ጎማውን የፈታውም። መዶሻ ለማሳረፍ ገና ሲያመቻች፣ የቦል ጆይንቱ ኳስ ከጉድጓዱ እንደ ሕፃን ጥርስ ወልቆ ወጣ።

ጋሽ ቀስታ አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «ዛሬ ጠዋት በዚያ ቁልቁለት…» አሉና አልጨረሱትም። «ከኋላዬ ሰባቱም እየዘፈኑ ነበር።»

ወንድሟ የራሱን መኪና ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ። «በዚህች ይሂዱ። ሁሉንም አትችልም፣ ሁለት ጊዜ ይመላለሱ። ለትምህርት ቤቱ ደውለው ይንገሯቸው።» ሄዱ፤ ከወትሮው ይልቅ ቀስ ብለው።

ወንድሟ ሚጣን አላመሰገናትም። ቧንቧው ጋ ሄዶ እጁን ብዙ ታጠበ፤ ከዚያ ከስሱ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ጀርባ ወዳለችው ቢሮ ገባ። እሷ የወለቀውን ብረት በጨርቅ እየጠረገች ስልክ ሲደውል ሰማችው።

«ሄሎ… ባለፈው ወር እንዲህ ዓይነት መኪና አሳይተኸኝ ነበር… አዎ፣ ደህና ናት ብዬህ ነበር። ስማኝ፣ አትንዳት። ባለችበት ትቁም፣ እኛ እንመጣለን።» የሰውዬውን መልስ አዳመጠ። «የለም፣ አንተ ምንም አላጠፋህም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሌላ ቁጥር ደወለ። ያንኑ ቃል፣ ሳያለዝብ፣ ለሌላ ሰው ደገመው።

ሲወጣ ዓይኗን አላያትም። «ነገ ሁለት መኪና አለን» አለ። «እግራቸውን አንቺ ታያለሽ።»

«እሺ» አለች። የወለቀውን ብረት መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና፣ ረጅሙን ብረት ለነገ መጥረግ ጀመረች።