ከጃንጥላ ሥር የተከፈተው ፈተና

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በመጋቢት አቦ ዕለት ነው። ዛሬም ሰው «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

የምሠራው አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ነው። ተማሪዎቻችን ትምህርታቸውን የሚያገኙበትና በኮምፒውተር የሚፈተኑበት ሲስተም አለን። እሱ ሲበላሽ የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ። ፓስወርድ የጠፋበት፣ የቤት ሥራው አልጫን ያለው፣ ውጤቱ ያልታየው ሁሉ ወደ እኔ ይደውላል። እንደ ቧንቧ ሠራተኛ በሉኝ፤ ውኃው እስኪጠፋ ድረስ ማንም አያስታውሰኝም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የኤክስቴንሽን ተማሪዎች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሒሳብ አያያዝ የማጠቃለያ ፈተና ነበራቸው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ናቸው፤ አለቃቸውን ለምነው ነው የመጡት። ያን ቀን ያልተፈተነ ደግሞ ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መውሰድ አለበት። እኔ ከላፍቶ በታክሲ እየመጣሁ መካኒሳ ስንደርስ ረዳቱ በሩን ከፈተና «እዚሁ ውረዱ፣ አቦ ነው፣ መንገድ ተዘግቷል» አለን። ንግሡን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ገና እንደወረድኩ ስልኬ ጠራ። የፈተናው መምህር ነው።

«ኧረ ወንድሜ፣ ጉድ ሆነናል! ፈተናው ተዘግቷል ይላል። ለሁሉም ዜሮ ሰጥቷቸዋል!»

«ስንት ሰዓት ብለህ ነው የሞላኸው?»

«ሦስት ሰዓት ነዋ!»

ወዲያው ገባኝ። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። መምህራችን የሞላው ደግሞ በእኛ ሰዓት ነው። ስለዚህ ፈተናው ተማሪው ሁሉ እንቅልፍ ላይ እያለ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተከፍቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ተዘግቷል። ሰዓቱ አንዴ ካለፈ መምህሩ ራሱ ማስተካከል አይችልም። የሚቻለው በእኔ ፓስወርድ ብቻ ነው።

በሕዝቡ መሐል ሰንጥቄ ለማለፍ ሞከርኩ። ጠጠር መጣያ የለም። ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞረ ስለነበር ከበሩ ውጪ ያለውም ሰው ከቆመበት አይነቃነቅም። ተስፋ ስቆርጥ አጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና ላፕቶፔን አወጣሁ፤ ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገናኘሁ። ፀሐዩ ግን ስክሪኑን መስታወት አደረገው። ከራሴ ፊት በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም።

«አንተ! ታቦት ወጥቶ ፊልም ታያለህ?»

ቀና ስል ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ እናት አፍጥጠውብኛል።

«ፊልም አይደለም እማማ። ተማሪዎች ፈተና ተዘግቶባቸው ነው።»

«ምን አጥፍተው?»

«እነሱ ምንም አላጠፉም። መምህሩ ተሳስቶ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፍቶላቸው ነው።»

«በዘጠኝ ሰዓትማ የሚነቃው ማኅሌት የሚቆም ነው!» አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና ጃንጥላውን ከራሳቸው ላይ አንሥተው በእኔና በላፕቶፑ ላይ ያዙት። ስክሪኑ ወለል ብሎ ታየኝ። እሳቸውም «እስቲ ዞር በሉለት፣ የሰው ልጆች ፈተና ተዘግቶባቸዋል!» እያሉ የሚጋፋኝን ሰው ይከላከሉልኝ ጀመር።

ይሄኔ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ድርግም አለ። ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ጃንጥላውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ከመቀነታቸው ሥር በመሐረብ የተቋጠረ ስልክ አወጡ።

«እንካ። ልጄ ናት ኢንተርኔት የምትሞላልኝ። እኔ ከሚስኮል በቀር የሠራሁበት ነገር የለም።»

በእሳቸው ስልክ አገናኘሁና ፈተናውን አገኘሁት። ሰዓቱን ቀየርኩ። ልክ ላስቀምጠው ስል ስልካቸው ጠራና ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

«ወዬ ልጄ! ... ምኑ ነው የተዘጋው? ... የምን ዜሮ?»

ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ የሒሳብ ፈተና ነው እንዴ?»

«አዎ» አልኩ።

«ሰላማዊት! አታልቅሺ! የሚከፍተው ሰውዬ እዚህ ጃንጥላዬ ሥር ነው ያለው!» ልጅቷ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ግን አላመነችም መሰለኝ። «በአቦ እልሻለሁ! ቁጭ ብሏል!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«እማማ፣ ስልኩ ካልተዘጋ መክፈት አልችልም።»

«ዝጊው! እየከፈተልሽ ነው!» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

እንደገና ገባሁ። ሰዓቱን እንደገና ሞላሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይቶ ሰላማዊት መልሳ ደወለች። ወሬው አጭር ነበር፤ ፈተናው ተከፍቷል። እኚያ እናት ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፍ አደረጉና እልልታውን አቀለጡት። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ታቦቱ የቀረበ መስሏቸው ተቀበሉ። ከዚያ ከኋላ ያሉት፣ ከዚያ አስፋልቱ ማዶ ያሉት። እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጥኩ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

መምህሩ አሁን ፈተና ሲያወጣ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። እኔም «የተማሪ ሰዓት ነው የማኅሌት?» እለዋለሁ።

በሳምንቱ ሰላማዊት ቢሮዬ መጣች። ፈተናውን አልፋለች። እናቷ የላኩልኝን ድፎ ዳቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እናቴ ለሠፈሩ ሰው ሁሉ ፈተናውን የከፈቱላት አቦ ናቸው እያለች ነው» አለችኝ። «‹ያ ላፕቶፕ የያዘው ልጅስ?› ሲሏት፣ ‹እሱማ ጃንጥላዬ ሥር ተጠልሎ ነበር› ትላለች።»

አልተከራከርኩም። በእኔ ሥራ ሰው የሚደውለው ሲዘጋበት ነው፤ ሲከፈትለት የሚደውል የለም። ስለዚህ ምስጋናውን አቦ ይውሰዱት። እልልታውን ግን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።