በደጉ ቀብር ያልጮኸው ምንሽር

በአዘና ዙሪያ አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው ሁሉ ክንዴን ያውቀዋል። ክንዴ ገበሬ ነው። ስለ እርሻው ከጠየቃችሁት ቆሞ ይመልስላችኋል፤ ስለ ጥይት ከጠየቃችሁት ግን ራታችሁን እዚያው ትበላላችሁ። የምንሽር ጥይት ከገበያ ከጠፋ ወዲህ፣ የተተኮሰ ቀለህ ለቅሞ፣ ባሩድ ሞልቶ፣ አፉ ላይ ራሱ ያቀለጠውን እርሳስ የሚተክል እሱ ነው። እርሳሱን የሚያገኘው ከሞተ የባጃጅ ባትሪ ነው። እንጅባራ ላይ አንድ ባጃጅ መንገድ ላይ ከቆመ፣ ሹፌሩ ሳይወርድ ክንዴ አዘና ተቀምጦ ይሰማዋል ይባላል።

የራሱ ምንሽር ከአያቱ የወረደ ነው። ትውልድ ሲቀባበል ለሰርጉም ለለቅሶውም ሲተኩስበት ኖሮ ጉሮሮው ሰፍቷል፤ ጉሮሮ የምለው ጥይቱ የሚቀመጥበትን ቦታና ከፊቱ ያለውን የጠመንጃውን ቱቦ መግቢያ ነው። ልከኛ እርሳስ ቢያስገቡበት የአባቱን ኮት እንደለበሰ ሕፃን ይዋልልበታል፤ ሲተኮስም ዒላማውን ትቶ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። ስለዚህ ክንዴ የሚሠራው እርሳስ ወፍራም ነው። ቆይቶ ቆይቶ ደግሞ የዓለም ምንሽር ሁሉ የእሱን ያህል አፉን የከፈተ መሰለው።

ተኩስ ሲሰማ ሰው “ማን ሞቶ ነው?” ብሎ ብቻ በሚጠይቅበት በዚያ ደህና ዓመት፣ ጎረቤቱ ደጉ ሞተ። ደጉም ምንሽር ነበረው፤ ግን ከመተኮስ መወልወል የሚወድ ሰው ነበር። በዕድሜው ያችን ጠመንጃ ያጠጣት ቅባት የአንድ ሰፈር ወጥ ይሠራ ነበር። ጉሮሮዋ ያን ዕለት የተሠራች ያህል ጠባብ ነው።

ሚስቱ ስሜነሽ ክንዴን አስጠራችው።

“ሳጥኑ ሲወርድ የራሱ ጠመንጃ ይጩህለት። የሰው ጠመንጃ አልፈልግም” አለችው።

“እትየ፣ ለዚህ ደግሞ አያስቡ። ዳንግላ ያለ ሰው ደንግጦ ብርጭቆ ይጥላል።”

“ዳንግላን ተወው። እኔ ልስማው።”

ክንዴ ቤቱ ገብቶ ከሠራቸው ጥይቶች የሚያብረቀርቁትን መረጠ። ሚስቱ ማናለብሽ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር።

“በደጉ ጠመንጃ ሞክረኸዋል?”

“ምንሽር ምንሽር ነው።”

“ጫማም ጫማ ነው። እስኪ የኔን አድርገህ ለቅሶ ሂድ።”

“ሴትዮ፣ እኔን ነው ጥይት የምታስተምሪኝ?” አለና ወጣ። የደጉ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው። ሄዶ አንዷን ለማስገባት የሚፈጀው ጊዜ ሳል ለመሳል አይበቃም። ግን ጥይቱን ሲሞክር ሰው ያየዋል፤ የሚሞክር ሰው ደግሞ የተጠራጠረ ይመስላል።

በቀብሩ ላይ ክንዴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ የደጉን ምንሽር ይዞ ወደ መሐል ወጣ። ፎከረ። ደጉን አነሣ፣ የደጉን አባት አነሣ፣ ከዚያ ምንም የማይመለከተው ቢሆንም የራሱን አያት አነሣ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳጥኑን በገመድ የያዙት ሰዎች ክንዳቸው ዛለ። በመጨረሻ ጥይቷን ከተተና ማቀባበያውን ገፋው።

አልዘጋም።

እንደገና ገፋው። በመዳፉ መታው። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ሕዝቡ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል፤ ሳጥኑ ግን መውረድ ጀምሯል። ክንዴ ጥይቷን ለማውጣት በኃይል ሳበ። ቀለሁ ብቻውን ወጣ፣ ወፍራሙ እርሳስ ጉሮሮው ላይ እንደተቀረቀረ ቀረ፣ ባሩዱም ነጭ ጋቢው ላይ ተዘረገፈ። ደጉ ያለ ድምፅ ወረደ። የተሰማው ነገር ቢኖር የአፈሩ ኳኳታ ነው። ስሜነሽ አላለቀሰችም፤ ክንዴን አየችው። ያ ባሰ።

ከዚያ በኋላ ክንዴ ለገበያ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመረ። ጓሮውም አላዳነው።

“አያ ክንዴ፣ ቁልፌ አልገባ ብሎኝ ውጭ ነው ያደርኩ። አንተ ነህ የቀረጽከው?” አለው አንዱ። ጠላ ቤት ብቅ ሲል ሌላው ተነሥቶ፣ “ቆይ፣ በሩ ይበቃህ እንደሁ አስቀድመን እንለካ” አለ። ክንዴ ሳይገባ ተመለሰ። ሰው በአገሩ ቋንቋ በአዊኛ ሲስቅበት እንዳልሰማ ለመሆን ይሞክራል፤ ባማርኛ ሲደግሙለት መግቢያ ያጣል። ላም ስታገሳ እንኳ ስለ እሱ የምታወራ ይመስለው ጀመር።

ማናለብሽ አልሳቀችም። “ጠመንጃው ውስጥ የተቀረቀረው እርሳስ ያንተ ነው” አለችው። “ሂድና አውጣላቸው።”

ሄደ። ስሜነሽ ጠመንጃውን አውጥታ ሰጠችውና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ክንዴ በቀጭን እንጨት ከአፈሙዙ በኩል እየገፋ እርሳሱን አስወጣው። ዙሪያውን ተፋፍቆ ነበር። መዳፉ ላይ አደረገው።

“ምን ሆኖ ነው?” አለችው።

“ወፍሮ ነው። በኔ ጠመንጃ ልክ ነው የሠራሁት።”

“የደጉንስ አልለካኸውም?”

“አልለካሁም።”

“ቤታችን እኮ ይኸው ነው። ከቤትህ ይታያል።”

“ይታያል፣ እትየ።”

“ታዲያ ለምን?”

ክንዴ እርሳሱን ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው አዘዋወረ።

“ደጉ የሚቀበረው አንድ ጊዜ ነበር” አለች ስሜነሽ፤ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

ክንዴ የተረገጠ ያህል አጎነበሰ። “ለተዝካሩ በሱ ልክ ልሥራ?” አለ፤ ፈቃድ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። “ሥራ፤ ግን እዚሁ፣ እኔ እያየሁ” አለችው። ስለዚህ ያ የጥይት አዋቂ በሰው ደጃፍ ተቀምጦ፣ እርሳሱን በሞረድ ፋቅ ያደርጋል፣ ባሩድ የሌለበት ቀለህ ላይ ተክሎ ወደ ጠመንጃው ይከታል፣ አልሄድ ሲለው አውጥቶ የተፋቀበትን ያያል፣ ደግሞ ይፍቃል። አላፊ አግዳሚው አጥር ላይ ተደግፎ ይመለከታል። ማቀባበያው ያለ ግፊት ሲዘጋ ቀና ብሎ ስሜነሽን አየ።

“ይኸው፣ ዘጋ። አሁን ባሩዱን ሞልቼ በተዝካሩ…”

“አንተ አትተኩስም። ደረሰ የሚባለው የደጉ ወንድም ልጅ ይተኩሳል። አንተ የእንግዶቹን ፈረስ ትጠብቃለህ።”

“እሺ” አለ ክንዴ።

በተዝካሩ ቀን ደረሰ ፉከራ ሳያበዛ ወጣና ቃታውን ሳበ። የደጉ ምንሽር ጮኸች፤ ፈረሶቹ ሁሉ በአንዴ ክንዴን ወዲያና ወዲህ ጎተቱት። ስሜነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ በቀብሩ ያላለቀሰችውን ያኔ አለቀሰች።

ከእንጅባራ የመጣ አንድ ዘመድ ተደንቆ፣ “እንዲህ ያለ ጥይት ዛሬ ከየት ይገኛል? ማን ሠራው?” አለ።

ስሜነሽ ዓይኗን ጠርጋ በእጇ ወደ ፈረሶቹ አመለከተች። “ያ ነው፣ ክንዴ። የቀብሩንም እሱ ነው የሠራው።”

እንግዳው ዘወር ሲል ክንዴ ከፈረሱ ሆድ በታች ጎንበስ ብሎ፣ ያልላላውን የኮርቻ ጠፍር ያጠብቅ ነበር።