ካልሲ ውስጥ የተጠቀለሉት ፒፓዎች

ቱግ ካልኩ ዓይኔ አያይም። ይሄን የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቁታል። የዚያን ቅዳሜውን ግን የምናውቀው እኔና አባቴ ብቻ ነን።

አባቴ አናጺ ነበር። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ካመጣሁት በኋላ ሥራም የለው፣ ቋንቋም የለው፤ ሳንባው ደግሞ ታመመ። ሐኪሙ፣ ሲጋራ የሚባል ነገር አፉ እንዳይደርስ ብሎ አስጠንቅቆኛል። እኔ ኤደን ፕሬሪ ያለው ዌርሃውስ፣ መጋዘን ሥራ ላይ ስውል እሱ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ካለው ፎቃችን ወርዶ ወንዝ ዳር ይሄዳል። "ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው" ይለኛል። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ እነጫነጭበታለሁ እንጂ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ከሚውል ይሻላል።

ያን ቅዳሜ ልብሱን ላጥብለት መሳቢያውን ስከፍት፣ ካልሲ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር እጄን ጎረበጠኝ። ፈታሁት፤ የሸክላ ፒፓ! ሌላውን ካልሲ ፈታሁ፤ ሌላ ፒፓ። ዘጠኝ ናቸው። አንዳንዱ ቀጭኑ አንገቱ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ትንባሆው የሚገባበት ራሱ ብቻ፣ ውስጡ በጭስ የጠቆረ። ደሜ ፈላ።

"አባዬ! እዚህ ድረስ ያመጣሁህ ልትሞትብኝ ነው እንዴ?"

ከሶፋው ተነሳ። "ኧረ ስሚኝ ልጄ፣ እኔ እኮ..."

አላስጨረስኩትም። ውሸታም አልኩት። በዚህ ዕድሜህ እንደ ጎረምሳ ተደብቀህ ታጨሳለህ፣ አታፍርም አልኩት። ፒፓዎቹን አፍሼ ኮሪደሩ ላይ ያለው፣ ምድር ቤት ድረስ የሚወርደው የቆሻሻ መጣያ ቀዳዳ ውስጥ ለቀቅኳቸው። ስንት ፎቅ እየተንኳኩ ሲወርዱ ሰማናቸው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ተመልሼ መሳቢያውን ስዘጋ ደብተር አየሁ። እያንዳንዱን ስባሪ በእርሳስ ስሎታል። ከሥራቸው በዚያ ቀጥ ባለ የአናጺ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ "ከድልድዩ በታች፣ ከጭቃ ውስጥ። ጥቁረቱ የድሮ ሰው ጭስ ነው። ቀዳዳው በአሸዋ ተደፍኗል።" ሌላው ላይ፦ "ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ ድንጋይ አይደለም፣ ሸክላ ነው። ጥርስ የነከሰው ቦታ ይታያል።" የመጨረሻው ላይ፦ "አንገቱ ላይ ፊደል አለ። የሠሪው ስም ይሆናል። ልጄ ያልደከማት ቀን አስነብባታለሁ።"

ምድር ቤት ድረስ በደረጃ ሮጥኩ። የቆሻሻ መጭመቂያው ማሽን ሁሉንም አድቅቆ ጨርሶ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኩት፣ አለቀስኩም። "ተይው፣ ስባሪ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ወንዝ ዳር አልወረደም።

በረዶው ሲቀልጥ እኔው ሄድኩ። የሥራ ዕረፍቴን ሁሉ ጭቃ ስቆፍር ከረምኩና አንዲት ነጭ ቁራጭ ይዤለት መጣሁ። ምላሱን አስነካት። "ሸክላ ናት" አለ፤ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጣት እጁን ዘረጋና መሀል ላይ ቆመ።

"እዚህ ባስቀምጣት ቅር ይልሻል?" አለኝ።

አባቴ ነው እንግዲህ እኔን የሚያስፈቅደኝ።