ለመልስ መንገድ የተላኩ ሽማግሌዎች

ልመንህ ወገዳ ካለው ግቢዬ ትንሿን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ነፋስ መውጫ ተወልዶ ደብረ ታቦር ኮምፒውተር የተማረ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ነው። የገበሬዎች ዩኒየን ቅርንጫፍ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሽቦ ሲጠቀልል ላየው ሰው ድውር የሚያዳውር ይመስላል፤ አንዷን ከሌላዋ ሳያነካካ ጠቅልሎ በክር ያስራታል። ሲጨንቀው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል። ምንም ሳይናገር መጥቶ ከጎኔ ይቀመጥና ይጀምራል። ባለፈው ሚያዝያ የቤቱን ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ልጦ ሲጨርስብኝ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?" አልሁት።

"ምንም፣ እማማ ሰርኬ። መልስ አይመጣም።"

"የማን መልስ?"

"የዋናው ቢሮ።"

ዋናው ቢሮ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። የወገዳ ኮምፒውተሮች እዚያ ካለው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት ቪፒኤን በሚሉት ነገር ነው። እሱ እንዳስረዳኝ፣ በሕዝቡ መንገድ መካከል ለሁለቱ ቢሮዎች ብቻ የተሠራ የተሸፈነ መተላለፊያ ማለት ነው፤ ሌላ ሰው አያይበትም፣ አይገባበትም። ቅርንጫፉ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር የወገዳ ኮምፒውተሮች ሁሉ አድራሻ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ የመተላለፊያው መብራት አረንጓዴ ነው፣ መልእክቱም ይሄዳል፤ መልሱ ግን የለም። ራውተር የሚሏት በር ላይ ያለችው ዕቃ ስትጣራ መካነ ኢየሱስ አቤት ይላል። ከቢሮው ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲጣራ ዝም።

"የበሯን አድራሻ እዚያ ያውቋታል" አለኝ። "የአዲሱን ቤት አድራሻ ግን በዚያኛው ራውተር ላይ የጻፈ የለም። መልሱ መመለሻ ያጣና ወደ ሕዝቡ መንገድ ወጥቶ ይጠፋል።"

"ታዲያ ይጻፉት በላቸዋ።"

የያዘውን ሽንኩርት አስቀመጠ። "እዚያ ያሉት አቶ መንግሥቴ ናቸው።"



አቶ መንግሥቴ የዋናው ቢሮ የኮምፒውተር ኃላፊ ናቸው። የሜላት አባትም ናቸው። ሜላት መካነ ኢየሱስ የምታስተምር፣ ከጥር ጀምሮ ለልመንህ ቃል የታሰረላት ልጅ ናት። ቃሉ ከመታሰሩ በፊት እሳቸውና ልመንህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየተደዋወሉ "ሽቦው ተነቅሎብዎታል"፣ "ያንተ ነው የተነቀለው" ይባባሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን አቶ መንግሥቴ አማት ሆኑ። በእኛ አገር አማች አማቱን ሲያይ ከመንገድ ይወርዳል፤ ተሳስተዋል ማለትማ ከወዴት መጥቶ። እሳቸው ደግሞ "ችግሩ የወገዳ ነው" ብለው በስብሰባ ተናግረዋል።

"ጽፈህ ላክላቸው" አልሁት።

"በጽሑፍማ ይብሳል፤ ሲነበብ ይኖራል።"

"ለሜላት ንገራት።"

"ልጅ አባቷን በእጮኛዋ አፍ ታርማለች?"

"ለአለቃህስ?"

"ከሰስኋቸው ማለት ነው።"

እንዲህ ሆኖ ልጁ የሌለውን ጥፋት በራሱ በኩል ሲፈልግ ሰነበተ። ሽቦ ቀየረ። ራውተሯን ፈታትቶ በጥጥ ጠረጋት። ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮው ከድቶት በአንድ እግሩ ተንጠለጠለ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ገበያነሽ ጥሩ ሴት ናት፤ ነገር ግን ኮንትራቱ ሰኞ ያበቃ ነበርና፣ የዋናው ቢሮ ፕሮግራም እስከዚያ ወገዳ ላይ ካልተከፈተ እንደማታድስለት ነገረችው። አቶ መንግሥቴ ደግሞ ሥራ ለሌለው ሰው ልጃቸውን እንደማይድሩ ያኔ ቃሉ ሲታሰር አስረግጠው ተናግረዋል።

"እንግዲህ ቃሉን ያሰሩት ሽማግሌዎች ይሂዱልህ" አልሁት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወንድሜ መሪጌታ ገብረ ማርያም ነው፤ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ድጓ የተማረ። ልመንህ የአዲሱን አድራሻ ቁጥሮች ጽፎ ሊሰጠው ቢል ተቆጣ። "ድጓ በቃሉ የያዘ ሰው ለዚህች ወረቀት ይሸከማል?" አለ። ሁለተኛው አቶ ጣሰው የበሬ ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛው አቶ ታፈረ ዝም ለማለት ነው የሚወሰዱት፤ ዝምታቸው ሰው ያስጨንቃል።

ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና ሄድን። እኔም ሜላትን ልጠይቅ ብዬ ተከትያለሁ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር መሪጌታ "ዐሥር ነጥብ አርባ ነጥብ ሰባት ነጥብ ዜሮ" እያለ በዜማ ያጠናል። ከኋላችን የተቀመጠች ሴት የሎተሪ ቁጥር መስሏት "ይውጣልዎ አባቴ" አለችው።

አቶ መንግሥቴ ሦስቱን በአንድነት በራቸው ላይ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ልጁ ሊተዋት ነው?" አሉ። "ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም" አለ መሪጌታ። እኔ ከሜላትና ከእናቷ ጋር ጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። "ልመንህ ሊተዋት አይደለም። የወገዳ መልእክት ግን እርስዎ ዘንድ ይደርስና መልሱ መመለሻ ያጣል። በእርስዎ በኩል አንዲት መንገድ ብትጨመር ልጁ ደስ ይለዋል።"

"ጥፋቱ የኔ ራውተር ላይ ነው ማለታችሁ ነው?"

"እኛ እንዲያ አላልንም።"

"በራሱ በኩል አይቷል?"

"ጣራ ላይ ሁሉ ወጥቷል" አሉ አቶ ጣሰው። "ለጥቂት ነው እግሩ የተረፈው። በሬ ቢሆን ኖሮ ታርዶ ነበር።"

"ችግሩ የወገዳ ነው ብዬ እኮ በስብሰባ ተናግሬያለሁ።"

"እንግዲያው እስኪፈቅዱ እንቆማለን" አለ መሪጌታ።

አቶ ታፈረ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

"ኧረ ሰው አይቁም፤ ምሳውም ይበርዳል" አለች የሜላት እናት ከጓዳ።

አቶ መንግሥቴ ላፕቶፓቸውን አምጥተው ጉልበታቸው ላይ ከፈቱ። መሪጌታ ጉሮሮውን ጠርጎ ቁጥሩን አወጣው።

"ዜማውን ይተዉት መሪጌታ፤ ቁጥሩን ብቻ።"

"ዜማውን ከተውሁት ቁጥሩ ይጠፋኛል።"

እሳቸውም በዜማው ልክ መተየብ ጀመሩ። መሐል ላይ መተየቡን አቁመው ስክሪኑን ብዙ አዩት። ሜላት አንገቷን አስግጋ "አሮጌው የወገዳ አድራሻ ነው እስካሁን ያለው" ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች። አባቷ አሮጌውን አጥፍተው አዲሱን አስገቡ። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው ደወሉ።

"ልመንህ፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ?"

ዝም።

"ልመንህ።"

ዝም።

"መስመሩ ተቆርጧል" አሉ አቶ ጣሰው።

"አልተቆረጠም" አለ የወይዘሮ ገበያነሽ ድምፅ። "አማቴ ናቸው ብሎ ተነሥቶ ለስልኩ እጅ እየነሣ ነው። ተከፍቷል አቶ መንግሥቴ፤ እኔም እያየሁት ነው።"

"እንግዲያው ኮንትራቱን አድሽለት።"

"እኔ ፈርሜያለሁ። እሱ ግን እርስዎ ስልኩን ካልዘጉ ቁጭ ብሎ አይፈርም።"

አቶ መንግሥቴ ስልኩን ዘጉ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

"መንገድ ጨመርሁ እንጂ ጥፋት አልነበረም" አሉ አቶ መንግሥቴ።

"ማን ጥፋት አለ?" አለ መሪጌታ፣ እጁን ሊታጠብ እጅጌውን እየሰበሰበ።

አቶ ታፈረ ያን ጊዜ ተናገሩ። "ሠርጉ መቼ ነው?"

"ግንቦት" አለች ሜላት ከጓዳ።

አባቷ ቀና ብለው ወደ እኛ አዩ። እኔ ነኝ የተናገርሁ መስዬ ነጠላዬን አስተካከልሁ።