የዓለምነሽ ፍቺ

ጅቡቲ ውስጥ የዘፈን ትርጉም የቸገረው አበሻ ሁሉ ወደ ዓለምነሽ ይሄድ ነበር። ሥራዋ ልብስ አጠባ ነው። ቤቷ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሲሆን ከእኔ ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ ስትስቅ በግድግዳው እሰማታለሁ። የባቡር ሠራተኞች የከሰል አቧራ የጠጣ ልብሳቸውን ሲያመጡላት፣ ከድሬዳዋ የሰሙትንና ያልገባቸውን ዘፈን አብረው ያመጡላታል።

አንድ ጊዜ አንድ እሳት አንዳጅ፣ «እትዬ፣ አንዲት ልጅ ‹ጭስህ ደረሰ እንጂ ባቡርህ አልመጣም› ብላ ዘፈነችብኝ። ስድብ ነው?» አላት።

«ወሬህ ደረሰ፣ አንተ ግን አልመጣህም ማለቷ ነው» አለችው ልብሱን እየጨመቀች።

«ተቀይማለች በይኛ።»

«የተቀየመች ሴት ጭስ ምን አሳያት? ጣቢያ ቆማ ትጠብቅሃለች ማለት ነው። ሂድ።»

እንዲህ ነበረች። አንድ ዘፈን ሁለት መንገድ ካለው፣ ሰው የሚታረቅበትን ትመርጣለች።

ባሏ ኃይሌ ቆዳ ይዞ በጀልባ ወደ የመን ከሄደ ግን ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ጀልባዋ መስጠሟ ተወርቷል፤ ሰዎቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ኃይሌ ደገኛ ነበርና የጅቡቲ መንገድ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። በዘገየ ቁጥር «መንገድ ጠፋኝ» ይላታል። እሷም «መንገዱስ አለ፣ የጠፋኸው አንተ ነህ» ትለዋለች። ሰፈሩ በዚህ ይስቅባቸው ነበር።

ጓደኛዋ አሰገደች፣ «ለሰው ሁሉ ፍቺ ትሰጫለሽ፤ ለራስሽ ግን ፍቺ እምቢ አልሽ» እያለች ትተርባታለች። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ ገብረማርያም ግን አልቀለዱም። «ልጄ፣ ሟች ያለ ጸሎት አይተውም። ከፋሲካ በኋላ ፍትሐቱን እናስፈታለት፤ አንቺም ጥቁር ልበሺ» አሏት። ዓለምነሽ ግን ጥቁር ብትለብስ ኃይሌን በገዛ እጇ የቀበረችው ይመስላት ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ማሲንቆ መቺ በባቡር ወርዶ ጣቢያው ደጃፍ ይዘፍን ጀመር። ዓለምነሽ፣ አሰገደችና እኔ ቆመን ሰማነው።

ደኅና ነኝ በሏት፣ ምንም አልነካኝም፣
አሳብ ይዞኝ እንጂ፣ መንገድ አልጠፋኝም።

ዓለምነሽ የተሸከመችውን የልብስ ጥቅል መሬት አስቀመጠች።

«ይኼን ግጥም ማን ሰጠህ?»

«ድሬዳዋ ላይ ‹ተቀበል› ያለኝ ነጋዴ ነው፣ እመቤቴ። እሱም ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው።»

ወደ እኛ ዞረች። «ኃይሌ ነው። ያለው አሳብ ነው።»

«አሳብማ ማንን ያልያዘው አለ?» አለች አሰገደች።

«ጭንቀቱን አይደለም የምልሽ። አገሩን ነው።»

ደገኛ ከእኛ በስተሰሜን ያለውን ወደብ አሰብ ይለዋል። እኛ ጅቡቲ የኖርን ግን ከጀልበኞቹ አፍ ስለለመድነው፣ «ሰ»ን ሳብ አድርገን አሳብ እንለው ነበር። ዘፋኙ ከደጋ የመጣ ነውና የሚያንጎራጉረው ጭንቀት መስሎት ነው። በስተርጅና ፊደል ስቆጥር፣ ሰ እና ሳ የሚለያዩት በአንዲት እግር ርዝመት መሆኑን አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

አሰገደች ክንዷን ያዘቻት። «እህቴ፣ የዘፈን ሁሉ ፍቺ ደግ አይሆንም። መንገድ የጠፋው ሰው ስንት ነው?»

«ብዙ ነው። ‹አልጠፋኝም› ብሎ ለሚስቱ የሚምለው ግን አንድ ነው።»

ከዚያው ወደ ጋሼ ገብረማርያም ሄደች። «የጀልባ አለቃው ሙጠሊብ አሳብ ደርሶ እስኪመለስ ይታገሡኝ። ካላገኘው ጥቁር እለብሳለሁ» አለቻቸው።

«በዘፈን የተነሣ ሙት አላየሁም» አሉ ሽማግሌው። «ግድ የለም፣ እጠብቅልሻለሁ።»

ሙጠሊብ ዓረብ ነው፤ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው። የባሏን ስም ነገረችው። ስሙ ከአፉ ቢጠፋ እንኳ ብላ ደግሞ ግጥም አስጠናችው።

አሳብን ልቀቀው፣ ባሕሩን ተሻገር፣
ሸሚዝህ ታጥቦልህ፣ ይጠብቃል ከበር።

ሙጠሊብ «ሸሚዝህ» ላይ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል። የወደቡ ተሸካሚዎች እየሳቁበት እስኪይዘው ደጋገመው።

ጀልባው ሲመለስ ሁላችንም ወደብ ነበርን፤ ጋሼ ገብረማርያምም ሳይቀሩ መጥተዋል። ኃይሌ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ እያነከሰ ወረደ። ዓለምነሽ አልጮኸችም። ጠጋ ብላ የሸሚዙን አንገትጌ ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሚያጥብልህ?»

«ራሴ ነኝ» አለ። ጀልባዋ ስትሰጥም እግሩ መሰበሩን፣ ዓሣ አጥማጆች አውጥተው እንዳስታመሙት፣ ለመሳፈሪያ ገንዘብ አጥቶም እዚያው እንደቀረ ነገራት። «ለሚያልፍ ነጋዴ ሁሉ ስምሽን እየነገርኩ ላኩብሽ እኮ።»

«ስሜ መንገድ ላይ ቀርቶ ግጥምህ ነው የደረሰኝ።»

አሰገደች አላስቻላትም። «አሳብ ያልከው አገሩን ነው አይደል? ስንከራከር ነው የከረምነው።»

ኃይሌ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። «ኧረ እኔስ መጨነቄን ነው ያልኩት። አገሩ ትዝም አላለኝ።»

ጋሼ ገብረማርያም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አሰገደች ግን ለመሸፈንም አልደከመች።

«ቆይ» አለች ዓለምነሽ። «የት ሆነህ ነው የተጨነቅኸው?»

«አሳብ ሆኜ።»

«ታዲያ ምኑን ሳትኩት?» አለችና ክንዱን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ወደ ቤት ይዛው ሄደች።